ራምዚ ፍሬን ሲይዝ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሃና ላፕቶፗ ላይ አፍጥጣ "ኤጭ! ነዳጄ አለቀ!" ብላ ስትጮህ ሰማሁ። ጠጋ ብዬ ባይ በጨዋታ የጠፈር መንኮራኩር ትነዳለች፤ ምድርን ከሚዞር ጣቢያ ጋር ልታገናኘው ብትሮጥ ልትደርስበት አልቻለችም።

"ፍጥነት ቀንሺ" አልኳት።

"አባዬ ደግሞ! ቀንሼ እንዴት እደርስበታለሁ?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

በደርግ ጊዜ ነው፣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ባቡር ነጂው አባቴ አንድ ቀን ከጅቡቲ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ኮምፒውተር ይዞ መጣ። ጨዋታው የሚጫነው በካሴት ነው። ቴፑ ሲንጫጫ ቆይቶ አንድ ክብ መሬት፣ ሁለት ነጥብና የነዳጅ መስመር ብቅ ይላል። አንዱ ነጥብ አንተ ነህ፣ ሌላው ጣቢያው፤ ነዳጅህ ሳያልቅ ቀስ ብለህ ማገናኘት ነው። ድሬ ሙሉ የሌለ ነገር እኛ ቤት! ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

አባቴ "ያገናኘ ልጅ እስከ ሽንሌ ጣቢያ ባቡሩ ፊት ከእኔ ጋር ይቀመጣል" አለ። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ስለምነው የኖርኩት ይህንኑ ነበር።

ክረምት ስለሆነ ትምህርት የለም። የክፍል ጓደኛዬ ራምዚ ጎርፍ ካልመጣ በቀር የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አቋርጦ በዚያ ሐሩር ከች ይላል። ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠው እናቱ የላከችልንን ጣፋጭ ሙሸበክ ጣታችን እስኪጣበቅ እየበላን እንጫወታለን።

እኔ የባቡር ነጂ ልጅ ነኝ፤ የቀደመህን ለመድረስ መፍጠን ነው የማውቀው። ስፈጥን ግን መንኮራኩሬ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዙሩ ይረዝምብኛል፣ ጣቢያው ጭራሽ ይርቀኛል። አንድ ቅዳሜ ራምዚ ተቀመጠና ፍጥነት መቀነሻውን ተጫነ።

"አቦ ምን ነካህ? ፍሬን ትይዛለህ እንዴ!"

"ቆይ፣ ወላሂ ታያለህ።"

መንኮራኩሩ ዝቅ አለ። ለካ የታችኛው ዙር አጭር ነው፣ እዚያ ደግሞ ይፈጥናል። በስር በስር ሄዶ ደረሰበትና በጥቂት ነዳጅ ወደ ላይ ተመለሰ። ሊገናኝ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ።

ሲያይ የነበረው አባቴ ብድግ ብሎ የራምዚን ትከሻ መታ መታ አደረገ። "ይሄ ነው ነጂ! ነገ ትጨርሰዋለህ፣ የኔ ልጅ!"

የኔ ልጅ! እኔ እዚያው ቆሜ!

እሁድ ጠዋት አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቴፑን ከፈትኩ። ያኔ እንዳይቀዳበት ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ቀዳዳው ላይ ወረቀት ከጠቀጠቅክበት እንደሚቀዳ የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ጠቀጠቅኩና ጨዋታው ላይ ሬዲዮ ቀዳሁበት።

ከሰዓት በኋላ ካሴቱ ሲከፈት ዜና አንባቢው አንባረቀ። ራምዚ ካሴቱን አወጣው። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ወረቀቱን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወደ አባቴ ዞረ።

"አባባ፣ ይቅርታ፤ ትላንት ስነካካው እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

"ጥፋቱን የሚያምን ልጅ ደስ ይለኛል" አለ አባቴ፤ ማክሰኞ ሽንሌ ይዞት ሄደ። እኔ ሐዲዱ ዳር ቆሜ ራምዚ ከፊት ተቀምጦ እጁን ሲያውለበልብልኝ አየሁ። አላመሰገንኩትም። እንዲያውም ደግነቱም አስቀናኝ።

ሃና እየሳቀችም ቢሆን እንደገና ጀምራ ፍጥነት ቀነሰች። ትንሽ ቆይታ መንኮራኩሯ ጣቢያው ላይ ልክክ አለች።

"አባዬ! ይሄን ማን አስተማረህ?"

ሃምሳን ያለፍኩ ሰው ነኝ። የራምዚ ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ማንም። ራሴው ነኝ የደረስኩበት" አልኳት።

"ጎበዝ የኔ አባት!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እኔም አቀፍኳት።