ሦስት ክፍለ ጊዜ የቆሙት መምህር

የመምህር ይሁኔን ማረፍ የነገሩኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ ናቸው። ቅዳሜ ጧት ቡሬ መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። «ልጄ፣ ጋሼሽ ሲነጋጋ አረፉ። ለተማሪዎቻቸው አንቺ ንገሪልኝ» አሉኝ። ለማን ነግሬ ለማን ልተው? ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከጅጋ እስከ መራዊ፣ በየቢሮው፣ በየሱቁና በየማሳው ያለው ሰው ግማሹ የሳቸው ተማሪ ነው። ይህን የምጽፈው በስልክ ላልደረስኋችሁ ሁሉ ነው።

መምህር ይሁኔ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፍኖተ ሰላም ላይ ጂኦግራፊ አስተማሩ። በሳቸው እጅ ያለፈ ሁሉ መቼም የማይረሳው ያንን ካርታ ነው። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከጥቁር ሰሌዳው በስተቀኝ፣ የምዕራብ ጎጃምን ካርታ ምንም ሳያዩ በእጃቸው ይሥሉ ነበር፤ ወንዙን በሰማያዊ፣ መንገዱን በቀይ፣ ተራራውን በነጭ ጠመኔ። ካርታውን ማጥፋት ክልክል ስለነበር ሌሎቹ መምህራን በተረፈችው ቦታ ተጣበው ይጽፋሉ። የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር፤ ወይዘሮ ጥሩዬ አጥበው አጥበው ሲሰለቻቸው ትተውታል።

የክፍላቸውንም ሕግ ታስታውሳላችሁ። የተጠየቀ ይቆማል፤ የመለሰ «ተቀመጥ» ይባላል፤ የተሳሳተ ጥግ ሄዶ ስህተቱን እስኪያርም ይቆማል። ደወል ቢደወል እንኳ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከዚያው ጥግ ይጀምራል እንጂ ሳይፈቀድለት የሚቀመጥ አልነበረም።

እኔ የመጣሁት በወንዙ ስም አጓት ወንዝ ከሚባል መንደር ነው፤ ከፍኖተ ሰላም የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ እንደ ሌሎቹ የገጠር ልጆች ከተማ ቤት ተከራይቼ፣ ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለማምጣት እመላለስ ነበር። አንድ ቀን ጠሩኝና የመንደሬን ወንዝ እንድሥል አዘዙኝ። በሳቸው ካርታ ላይ አጓት ወንዝ የመንደራችንን ኮረብታ በምሥራቅ ዞሮ ብር ወደሚባለው ወንዝ ይገባል። እኔ ግን ከኮረብታው ጀርባ ወደ ምዕራብ አጥፌ ወደ ዓባይ ሸለቆ ለቀቅሁት።

«ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» አሉኝ።

«ከቤቴ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ማሾፌ አልነበረም፤ በየሳምንቱ የምሻገረው ውኃ ነው።

«ጥግ ቁሚ!»

ሦስት ክፍለ ጊዜ ቆምኩ። በሦስተኛው ማብቂያ ላይ እግሬም ወኔዬም ደከመና ወንዙን እሳቸው እንደሚፈልጉት አድርጌ ሣልኩት። «ተቀመጪ» አሉኝ። ትክክል መሆኔን እያወቅሁ ለወንበር ስል ተውኩት፤ እንደዚያን ቀን በራሴ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ጨካኝ ነበሩ እንዳትሉብኝ። በየሰኞው የገጠር ልጆችን ለብቻችን ጠርተው «ስንቅ መጣ?» ብለው የሚጠይቁ እሳቸው ነበሩ። ወንዝ ሞልቶበት ወይም ቤተሰቡ ተቸግሮ ስንቅ ያልመጣለት ልጅ ሳምንቱን እሳቸው ቤት ይበላል። በዚያው ወር እኔም ተራዬ ደርሶ በላሁ። አኩርፌ ነው የበላሁት፤ እሳቸው ኩርፊያዬን አይተው እንዳላዩ ሆነው «ጨምሩላት» ይሉ ነበር።

ዓመታት አለፉ። እኔ ኮምፒውተር ተምሬ ተመልሼ በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆንኩ። ፕላዝማ በየክፍሉ ተሰቅሎ፣ ተማሪው አንድ ለአምስት ተደራጅቶ የሚማርበት ዘመን ነበር። ኢንተርኔት ሲገባልን መምህራን በትምህርታቸው እንዲጠቀሙበት ተነገረን። ጡረታ የቀረባቸው «ለቀረችን ጊዜ ምን አደከመን» ሲሉ፣ ከሁሉም ቀድመው አዲስ ደብተር ይዘው ደጄ ላይ የቆሙት መምህር ይሁኔ ነበሩ።

«አስተማሪዬ፣ ከየት እንጀምር?» አሉኝ። ከልባቸው ነበር የተናገሩት።

ዓባይን በአንድ ትንፋሽ የሚሥለው እጅ ማውስ ሲይዝ መንገዱ ጠፋበት። የነገርኳቸውን ሁሉ ቁጥር እየሰጡ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ሲሳሳቱ ከአንደኛው ይጀምራሉ። የመጀመሪያውን ኢሜይል የላኩት ለእኔ ነበር። ከላኩ በኋላ በዝናብ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቤቴ ድረስ መጡ። «ደብዳቤ ልኬልሻለሁ። ሳታይው እንዳይቆይብሽ ብዬ ነው» አሉኝ። ደብዳቤ ሰው ሳይከተለው ብቻውን መሄዱ ነውር መስሏቸው ነበር። ለብዙ ጊዜ ኢሜይል በላኩ ቁጥር እየመጡ ይነግሩኝ ነበር።

የሳተላይት ካርታውን ሳሳያቸው ግን ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ። ግሽ ዓባይን አዩ፤ የጅጋን ገበያ አዩ፤ የራሳቸውን ቤት ቆርቆሮ አይተው ወይዘሮ ጥሩዬን በስልክ ጠሩ። እኔ ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በዚያ ካርታ መጀመሪያ የፈለግሁት የመንደሬን ወንዝ ነበር፤ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የመምህር ይሁኔ እጅ ወደዚያ ባዘነበለ ቁጥር «ጋሼ፣ መራዊን እንይ» እያልኩ እመልሳቸዋለሁ። ይሉኝታ ያዘኝ፤ ያን የመሰለ ሰው በስተርጅና ስህተት ነው ያስተማሩት ማለት ከበደኝ። በኔ ዝምታ የተነሳ ግን የዚያ ዓመት ተማሪ ሁሉ የተሳሳተውን ወንዝ ደብተሩ ላይ ገልብጧል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ እንጂ የሳቸው አይደለም።

ካርታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ ባሳዩ ቀን ፕሮጀክተሩን ተክዬ አጠገባቸው ቆምኩ። ኮምፒውተሩን እንዳልነካ ከልክለውኛል። በራሳቸው እጅ ከፈቱና «ወዴት እንሂድ?» ብለው ተማሪውን ጠየቁ። ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሳች። «ወደ እኛ አገር፣ አጓት ወንዝ ይውሰዱን» አለች።

የፕሮጀክተሩን ገመድ ነቀልኩት። «መብራት ሄደ መሰለኝ» አልኩ።

መምህር ይሁኔ ከጣሪያው ላይ የሚበራውን አምፖል አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ፤ ከዚያ እጄ ላይ የቀረውን ገመድ አዩ።

«መልሽው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

መለስኩት። ወንዙን ከምንጩ ጀምረው ተከተሉት፤ ኮረብታው ጋ ሲደርስ ወደ ምዕራብ ታጠፈ። ደግመው ከምንጩ ጀመሩ። ደግሞም ታጠፈ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄደው የራሳቸውን ካርታ አተኩረው ሲያዩ ቆዩ።

«ስንት ክፍለ ጊዜ ነበር የቆምሽው?»

የረሱት መስሎኝ ነበር። «ሦስት ነው ጋሼ» አልኩ።

ሰማያዊውን መስመር በኮታቸው እጅጌ ጠረጉና ጠመኔውን ሰጡኝ። «አንቺ ሣይው። ትምህርቱንም ቀጥይ» አሉኝ። እሳቸው ጥግ ሄደው ቆሙ። አንዳንዱ ተማሪ ሳቀ። «ምን ያስቃችኋል? የተሳሳተ ይቆማል ያልኳችሁ እኔ አይዶለሁም?» አሉ።

ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ክፍለ ጊዜና የሚቀጥሉትን ሁለት ቆሙ። በሦስተኛው ለተማሪዎቹ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ከወረቀት ቀድቼ ነው ያስተማርኩ። እሷ ውኃውን ተሻግራ ነው የመጣች። ልጠይቃት ሲገባኝ አቆምኋት።» ከዚያም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። በሕጋቸው መሠረት «ተቀመጥ» ማለት የኔ ድርሻ ነበር። እንዴት ብዬ? ያበሉኝን፣ አባት የሆኑኝን ሰው? አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። ደወሉ ተደወለና እያነከሱ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ብዙዎቻችሁ በራሳችሁ ላይ ደርሶ አይታችኋል። የተስተካከለውን ካርታ አድራሻቸውን ላገኙት ተማሪ ሁሉ በኢሜይል ላኩ። ኢሜይል የሌለውን በየደረሱበት እያስቆሙ አረሙት። ጅጋ ላይ ጨርቅ የሚሸጠውን ሰዒድን በደንበኞቹ ፊት «ሰዒድ፣ አጓት ወንዝ ወደ ምዕራብ ነው፤ ደብተርህን አርም!» ሲሉት ሰምቻለሁ። ሰዒድ ደብተሩን ካጣ ብዙ ዓመቱ ነው። ቢሆንም ሜትሩን አስቀምጦ «እሺ ቲቸር» አለ።

«ለቀረችን ጊዜ» ሲሉ የነበሩት መምህራንም አንድ በአንድ ወደሳቸው መጡ። ያቺን በቁጥር የጻፉባትን ደብተር ዘርግተው፣ አንድም ሰው ሳያሳፍሩ፣ አስተማሯቸው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ጠመኔያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ይቀጥሉ ነበር። «መብራት ቢጠፋ እኔ አልጠፋም» ይሉ ነበር።

እኔን ባገኙኝ ቁጥር ግን «እስከ አሁን እንደቆምኩ ነኝ እኮ» ይሉኛል። እኔ አፌን ይዤ እየሳቅሁ አልፋለሁ። ታመው ልጠይቃቸው የሄድኩ ጊዜ ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ አልጋ ላይ ሆነው እንኳ «ቆሜያለሁ እኮ» አሉኝ። አሁንም ሳቅሁ። በሩን ዘግቼ ስወጣ አለቀስኩ፤ ቃሉን ሳልናገረው ቀረሁ።

ጋሼ ይሁኔ፣ ቀብርዎ ላይ ሊሸኝዎ የመጣውን ሰው ቢያዩ ኖሮ አንድ በአንድ አስቁመው ወንዝ ይጠይቁት ነበር። ካርታዎ ዛሬም ሰሌዳው ላይ አለ፤ ማንም አላጠፋውም፤ አጓት ወንዝም ወደ ምዕራብ ይሄዳል። እኔም ከእንግዲህ የማውቀውን ለወንበር ብዬ፣ ለይሉኝታም ብዬ አልተውም፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን አፌ እምቢ ያለኝን ቃል ዛሬ በሁሉም ፊት እናገረዋለሁ። ሦስቱም ክፍለ ጊዜ አልቋል፤ ስህተቱም ታርሟል።

ይቀመጡ፣ ጋሼ።