የወይዘሮ ዘነበች ዘጠና ሰከንድ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አንድ የቀለም ብሩሽ፣ አንድ ካቻቢቴና አንድ ላጲስ ፈርሜ ተረከብኩ። በዲግሪ ተመርቄ ብሩሽ ሲሰጠኝ ቅር አለኝ። አለቃዬ አቶ ማርቆስ ፊቴን አይተው «ብሩሹ ለአቧራ ነው፤ ላጲሱ ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ ጥርስ ለመጥረግ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን በሽታ አብረን እናያለን» አሉኝ። በወላይታ ሶዶ በጋ ስንትና ስንት ኮምፒውተር በብሩሽና በላጲስ ብቻ ከሞት እንደሚነሣ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በዚያው ዕለት አንድ ቢሮ ይዘውኝ ገቡ። እኔ ቀጥታ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ገመድ መፈተሽ ጀመርኩ። አቶ ማርቆስ ጎንበስ ብለው «ፍቅሩ፣ ኮምፒውተሩ ሰላምታ አይመልስልህም። ውጣና ሰዎቹን ሳሮ በላቸው» አሉ። ወጥቼ ሰላም አልኩ። ነገሩን የቆጠርኩት እንደ ጨዋነት ትምህርት እንጂ እንደ ሙያ ትምህርት አልነበረም።

ችኩል ነኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። አባቴ ከጉራጌ መጥቶ ሶዶ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሱቁ ውስጥ ሲያሠራኝ «ይሄ ልጅ ሳይለካ ይቆርጣል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ስንት ጨርቅ አበላሽቼበታለሁ።

ማዕረጌ ጁኒየር የአይሲቲ ባለሙያ ነበር። ሥራዬ በየወረዳው ያሉ ጤና ጣቢያዎችን ኮምፒውተሮች እየዞሩ መጠገን ነው። ከሶዶ መናኸሪያ ሚኒባስ እይዛለሁ፣ ወርጄ ባጃጅ እይዛለሁ፣ ቦርሳዬን አንግቼ እገባለሁ። ዛሬ ለሥራ ባልደረቦቼ የማወራው በሻንቶ መንገድ ስላለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን ልተወው፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእነሱ አልነበረም።

የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። የሕመምተኞቹ መዝገብ በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት እሱ ሲነሣና የመዝገቡ ፕሮግራም ሲከፈት ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ሊያቆየው የተገዛው ዩፒኤስ ባትሪው ሞቶ ለስም ቆሟል። መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ መጀመር ነው። አንዳንድ ቀን አራት ጊዜ ይሄዳል።

ይህን ኮምፒውተር የሚያስነሡት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። የካርድ ክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ ናቸው፤ ድሮ ካርድ ከመደርደሪያ እያወጡ ይሰጡ ነበር። ኮምፒውተሩን የተከሉት ሰዎች ያሳዩዋቸውን በሙሉ ሰማያዊ ሽፋን ባለው ደብተር ጽፈዋል። አንድ፣ ማብሪያውን ተጫን። ሁለት፣ የይለፍ ቃሉን አስገባ። ሦስት፣ የመዝገቡን ፋይል ሁለቴ ተጫን። እንዲህ እያለ ሰባት ተራ ይደርሳል።

ችግሩ፣ ሌላ ሰው በዚያው ደብተር ሲሞክር ፕሮግራሙ አይከፈትም። ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ ይላል፤ አጥፍተው እንደገና ቢያስነሡትም ያው ነው። እሳቸው ሲነኩት ይከፈታል። በግቢው ውስጥ «እጃቸው ቡሩክ ነው» ይባል ነበር። ቡሩክ እጅ ደግሞ ዕረፍት አያገኝም። የዓመት ዕረፍታቸው ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ኖረ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሆነው እንኳ ስልክ ይደወልላቸዋል።

ልጃቸው መሠረት ሃዋሳ ነው ያገባችው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ወይዘሮ ዘነበች ሊያርሷት ሄደው ነበር። በሁለተኛው ቀን ጤና ጣቢያው ደወለ፤ የሕመምተኛው ሰልፍ ውጭ በር ደርሷል አሏቸው። አራሷን ጎረቤት ላይ ጥለው ተመለሱ። መሠረት ለብዙ ጊዜ «እናቴ ከእኔ ኮምፒውተሩን መረጠች» ትል እንደነበር ራሳቸው ነገሩኝ። ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ ሳቁ ግን ዓይናቸው ድረስ አልደረሰም።

አሁን መሠረት ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ገብቷል። ወይዘሮ ዘነበች የሃያ ቀን ዕረፍት ጠየቁ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ሳሙኤል ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሰልፉን ፈሩ። እኔን አስጠርተው በወይዘሮዋ ፊት «ይሄ ኮምፒውተር ያለ እሳቸው ከተነሣ ፎርሙን ዛሬውኑ እፈርማለሁ። ካልተነሣ አልችልም» አሉኝ።

እኔም «ለዚህ ነው እንዴ? የግማሽ ቀን ሥራ ናት» አልኩ።

ሥራዋ እንዲህ ናት። ኮምፒውተር ሲነሣ በራሱ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች በአጭር ፋይል ላይ ተራ በተራ ትጽፋለህ። ስክሪፕት እንለዋለን። ከዚያ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ያንን ፋይል እንዲያሄድ ታዝዘዋለህ። ሰው ደብተር እያየ የሚያደርገውን ማሽኑ ስክሪፕቱን እያነበበ ያደርገዋል።

ደብተሩን ተቀብዬ ገጾቹን በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ወይዘሮ ዘነበች «ልጄ፣ ቁጭ በል፣ እኔ ስሠራ እይ» አሉኝ። «ደብተሩ ይበቃኛል» ብዬ ወደ ሶዶ ተመለስኩ። ቢሮ ባለ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስክሪፕቱን ጽፌ አሥር ጊዜ ሞከርኩት። አሥሩንም ጊዜ እንደ ሰዓት ሠራ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ላይ ጫንኩት። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ያለ ሰው ንክኪ እንዲበራም አስተካከልኩ። አቶ ሳሙኤልን ጠራሁ፣ ነርሶቹም መጡ። በኩራት ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ማሽኑ በራሱ በራ። ስክሪፕቱ የሚሄድበት ጥቁር መስኮት ብቅ አለ። ቀጥሎ ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ ዳታቤዙ (የመዝገቡ ቋት) አልተገኘም።

ደግሜ ነቀልኩ፣ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ነቀልኩ፣ ያው ነው። ወይዘሮ ዘነበች ከኋላዬ መጥተው በእጃቸው አስነሡት፤ ተከፈተ። ከነርሶቹ አንዷ «ወንድም ፍቅሩ፣ ይሄ ኮምፒውተር ሰው ያውቃል» ብላ ሁሉንም አሳቀች። አቶ ሳሙኤል አልሳቁም። «ፎርሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነው» ብለው ወጡ።

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የኔትወርክ ገመድ ቀየርኩ። የመዝገቡን ቅጂ ይዤ ዳታቤዙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ራሙን በላጲስ ጠረግኩ፤ ግራ ሲገባን ሁላችንም ወደ ላጲስ ነው የምንሮጠው። የገረመኝ፣ ቀዩ ጽሑፍ ከመጣ በኋላ ትንሽ ቆይቼ ያንኑ ስክሪፕት በእጄ ሳስኬደው ይሠራል። ማሽኑ ሲነሣ ግን አይሠራም። ዛሬ ሳስበው መልሱ ፊቴ ተገትሮ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኔ እንኳን ልለቅም እያፈሰስኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት መሠረት ደወለች። ሆስፒታል ግቢ ብለዋታል። ወይዘሮ ዘነበች ቅቤውን በቅል፣ የገብስ ዱቄቱን በከረጢት አድርገው ካርድ ክፍሉ ጥግ ካስቀመጡት ሰንብቷል። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ መጡ። አማርኛን የተማሩት ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ወንድና ሴቱ አንዳንዴ ይቀላቀልባቸዋል፤ የእኔ ወላይትኛ ከዚያ ስለሚብስ ማንም በማንም አይስቅም።

«ልጄ፣ አትጨነቅ» አሉኝ። «ካልሆነ ይቅር። መሠረት ለምዷል። በፊትም ብቻውን ነበር፣ አሁንም ይችላል።»

እሳቸው እኔን ሲያጽናኑ አፈርኩ። ግማሽ ቀን ያልኩት አፌ መረረኝ።

በማግስቱ ጠዋት የምሞክረው ነገር አልቆብኝ፣ ማሽኑ በራሱ እንዲነሣ ያደረግኩትንም ሁሉ አንሥቼ ነበር። መብራት የለም። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሕመምተኞች በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። ቦርሳዬንም አልከፈትኩ። ጥቂት ቆይቶ መብራት መጣ። ከዚያ ቀን በፊት ወይዘሮዋ ሲያስነሡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ጀርባዬን ሰጥቼ የራሴን ነገር ስነካካ ነው።

ማብሪያውን ተጫኑ። የይለፍ ቃሉን አስገቡ። ከዚያ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጎዳው» ብለው ጀመሩ። በወላይትኛ ጌታ ሆይ ማለት ነው። የሚሉትን በከፊል ሰማሁ፤ በመስኮቱ ስለሚመጡት ሕመምተኞች፣ ስለ ነርሶቹ፣ ስለ መሠረት። ከዚያ «አሜን» አሉና ፋይሉን ሁለቴ ተጫኑ። ተከፈተ።

ብድግ አልኩ። «ወይዘሮ ዘነበች፣ አሁን ያደረጉት ደብተሩ ላይ የለም!»

«ምኑ?»

«ጸሎቱ።»

«ጸሎት ደብተር ላይ ይጻፋል እንዴ?»

«ሁልጊዜ ነው የሚጸልዩት?»

«በነካሁት ቁጥር። ያለ ጸሎት የሰው ሕመም አይከፈትም» አሉኝ።

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«እኔ በእግዚአብሔር ላይ ሰዓት አልይዝም።»

ማሽኑን ላጥፋውና አንዴ ይድገሙልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ፊታቸው ቆጣ አለ። «ለሙከራ አልጸልይም። መብራት ሲሄድ ጠብቅ።» በሥራ ዘመኔ መብራት እንዲሄድ የተመኘሁት ያን ጠዋት ብቻ ነው። ደግነቱ ብዙ አላስጠበቀኝም፤ አራት ሰዓት ላይ ሄዶ ወዲያው ተመለሰ። ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር ደብቄ ሰዓት ያዝኩ። ከይለፍ ቃሉ እስከ አሜን ዘጠና ሰከንድ ሆነ።

ነገሩ ይኸው ነበር። የአሮጌው ማሽን ሃርድ ዲስክ ቀርፋፋ ነው። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ዳታቤዙ ለመዘጋጀት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስድበታል። ሰልፍ ያስቸኮለው ሠራተኛ ወዲያው ፋይሉን ሲጫን ዳታቤዙ ገና አልነቃም። የእኔ ስክሪፕት ደግሞ ከሰው ሁሉ የባሰ ችኩል ነው፤ በጌታው ወጥቷል። የቢሮዬ አዲስ ማሽን ፈጣን ስለሆነ ይህን ሸሸገብኝ። ወይዘሮ ዘነበች ግን ሳያውቁት ማሽኑ የሚፈልገውን ጊዜ ለዓመታት ሲሰጡት ኖረዋል።

ያነሣሁትን ሁሉ መልሼ ስክሪፕቱ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ዘጠና ሰከንድ ጠብቅ። ዛሬ ቢሆን ዳታቤዙ እስኪመልስ ድረስ እየደጋገመ እንዲጠይቅ አድርጌ እጽፈው ነበር፤ ያኔ የታየኝ ይኼው ነው። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ማሽኑ በራ፣ ጠበቀ፣ ከፈተ። አምስት ጊዜ ደገምኩት፤ አምስቱንም ጊዜ ሠራ። አቶ ሳሙኤል ፎርሙን ቆመው ፈረሙ። ወይዘሮ ዘነበች ቅቤያቸውን አንስተው እኩለ ቀን ሳይሞላ ሚኒባስ ላይ ነበሩ። እኔ ነኝ ከረጢቱን የተሸከምኩት።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው ደረስኩ። ልቤ አላመነም ነበር። መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ አድሯል፣ ሰልፉ ተሠርቷል። መብራቱ መጣ፣ ማሽኑ በራሱ በራ፣ ጥቁሩ መስኮት ወጥቶ ቆመ። አቶ ሳሙኤል ከጎኔ «አሁን ምን እየጠበቀ ነው?» አሉ።

«ወይዘሮ ዘነበች እስኪጨርሱ» አልኩ።

ዘጠና ሰከንድ ቆመህ ስትጠብቀው ረጅም ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ በካርድ ክፍሉ መስኮት የመጀመሪያዋ ሴትዮ ስሟን ተናገረች፣ መዝገቧ ወጣ። ከደስታዬ ብዛት ጠረጴዛውን መታሁት።

ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ከኋላቸው ሕፃን ያለቅሳል።

«ደርሻለሁ። መሠረት በሰላም ተገላገለ። ሕፃኑን እኔ ተቀበልኩት» አሉ። «ኮምፒውተሩስ? ተነሣ?»

«ተነሥቷል። ሥራ ላይ ነን።»

«ማን ጸለየ ታዲያ?»

«ማንም። እኔ መጠበቁን ብቻ ነው የጻፍኩት» አልኩ።

«ጥሩ አድርገሃል። መጠበቁን አንተ ከጻፍክ፣ የቀረውን እናንተ ሙሉበት» አሉና ሕፃኑ ስላለቀሰ ስልኩን ዘጉት።

ሃያውን ቀን ሙሉ ልጃቸውን አረሱ። ማንም አልደወለባቸውም። ሲመለሱ አንድ ማሰሮ ዳታ፣ የወላይታውን የበርበሬ ማባያ፣ አመጡልኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሚያቃጥልና የሚጣፍጥ አልበላሁም።

ከዓመታት በኋላ ለዚያ ካርድ ክፍል አዲስ ፈጣን ኮምፒውተር መጣ። የጫንኩት እኔ ነኝ። መጠበቅ አያስፈልገውምና መስመሩን ሰረዝኩት። ወይዘሮ ዘነበች ያኔ ጡረታ ወጥተዋል። በሳምንቱ ከካርድ ክፍሉ ተደወለልኝ። «ምን ነካህ? ማሽኑ ገና ሳንዘጋጅ ይከፈታል» አሉኝ። ሄጄ አየሁ። ለካ መብራት በመጣ ቁጥር ማሽኑ እስኪከፍት ሁሉም እጁን ከሥራ ያነሣል፤ አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከስልጤ የመጣው ባልደረባቸው መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፣ የማይጸልየውም ዝም ይላል። መስመሩን መለስኩላቸው።

ለጀማሪዎች ብሩሽና ላጲስ ሳስረክብ የምላቸው አንድ ነገር ነው። ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት፣ ሥራውን በእጁ ከሚሠራው ሰው አጠገብ አንድ ሙሉ ጠዋት ተቀመጡ። ደብተሩ ላይ ያልተጻፈው እርምጃ ያለው እዚያ ነው።