ተቀባይዋ ሩቅያ

ሩቅያ ሙኽታር አማን ከተማ፣ ዳቡቅ ሰፈር ውስጥ በአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ ስምንት ዓመት ሠርታለች። በስምንቱ ዓመት አንድ ስህተት ሠራች። ስህተቱ ቆሞ መቁጠር ነበር።

የተወለደችው ወሎ፣ ሐርቡ አጠገብ ነው። አባቷ የመንዙማ ድቤ መቺ ነበሩ። በመንዙማ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሩቅያ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ፣ የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ተቀባይ ሆናለች። አውጪው ትንፋሹን ሲሰበስብ እጇ ሳታዝዘው ያጨበጭባል። አማን ስትመጣ ይህ ልማድ የሚጠቅማት አልመሰላትም። መክተቡ፣ ቀጣሪው ቢሮ፣ የጠየቃት ምግብ ማብሰልና ሽማግሌ ማንሳት ትችል እንደሆነ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ባባ ዓብደላ ናቸው። አርባ አንድ ዓመት በኮሎምቢያ የባሕር ጠረፍ፣ ባራንኪያ በምትባል ከተማ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው፣ ሚስታቸው ሲሞቱ ወደ አማን ተመለሱ። ይዘው የመጡት ሦስት ሻንጣ ሙሉ የሙዚቃ ሸክላና አንዲት ትንሽ ከበሮ ነው። ከበሮዋን ታች ሳሎን ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀሏት። ዓርብ ዓርብ ሸክላ ያስጮሃሉ፤ ሩቅያ አቧራ ትጠርጋለች።

"ስሚ፣ ቢንቲ፣ ልጄ" አሏት አንድ ዓርብ። "ይሄ ኩምቢያ ነው። ከበሮው በመርከብ ታስረው ከመጡት ጥቁሮች ነው። ዋሽንቱ የነባሮቹ፣ የተራራው ሰዎች ነው። ግጥሙ የእስፓኞቹ። ሦስቱ በቋንቋ አይግባቡም ነበር። መጠራራት ግን ያውቁ ነበር።"

"ያ አገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚዘፍነው?"

"የኩባ ዘፈን ወላጆቹ እነዚያው ናቸው ማለት ይቻላል፤ ልጁ ግን ሌላ መልክ ይዞ ወጣ። ፔሩ ላይ ጥቁሮቹን ከበሮ ከለከሏቸው፤ የዕቃ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ሣጥኑን መቱት። ዛሬ የእነሱ ዘፈን ያለ ሣጥኑ አይሆንም።" ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። "የዚያች የትንሿ ስም ጠሪ ነው። በካርኒቫል የእኔ ሥራ እሷን መምታት ነበር። ዋናው ምት ላይ አትመታም። በምትና በምት መካከል፣ ማንም በሌለበት ቦታ ትጠራለች። እሷ ዝም ካለች ሌሎቹ ይጠፋባቸዋል።"

ሸክላው ዞረ። ሩቅያ ጨርቋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነበር፤ ሳታስበው አጨበጨበች። ባባ ዓብደላ መርፌውን አነሱ።

"ማን አስተማረሽ?"

"አባቴ።"

"አባትሽ ባራንኪያ ሄዶ ያውቃል?"

"ኧረ ደሴም የሄደው ሁለቴ ነው፣ ባባ።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "እንግዲያው መርከቡ ላይ ዘመድ ነበረሽ።"

ቀልዱን አልወደደችውም። ግን ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ እሳቸው ይጠራሉ፣ እሷ ትቀበላለች።

ከዓመታት በኋላ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ። ቀኝ ጎናቸው ሞተ። ዐረብኛቸው አብሮ ሄደ። የቀራቸው አንድ የእስፓኝ ቃል ነው፤ "ኦዬ"። ልጃቸው አሚር "ስሚ ማለት ነው" ብሎ ተረጎመላት። ደወል ገዛላቸው፤ ወረወሩት። በግራ እጃቸው የአልጋውን እንጨት አንድ ጊዜ መቱ። ዱም። ኩሽና የነበረችው ሩቅያ አጨበጨበች። ከዚያ ወዲያ ደወል አላስፈለገም። አንድ ምት ጥሪ ነው፤ አንድ ጭብጨባ መጣሁ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ጠርተው አያውቁም።

በመጋቢት 2012 በወረርሽኙ ምክንያት ሐዝር፣ ከቤት የመውጣት እገዳ፣ ታወጀ። ጧት ሳይረን ጮኸ፤ ከቤት የወጣ ይታሰራል ተባለ። ባባ ዓብደላን ለማየት ትመላለስ የነበረችው ነርስ ቀረች። ሌላ ሰፈር፣ ጀበል አል-ወይብደህ፣ የሚኖረው አሚርም ተስሪሕ፣ የመተላለፊያ ወረቀት፣ እስኪያገኝ ከቤቱ መውጣት አልቻለም።

"ሩቅያ" አላት በስልክ፤ ድምፁ ቀጥኗል። "እስክደርስ ድረስ በሕይወት አቆዪልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።"

"ኢንሻአላህ፣ ኡስታዝ አሚር።"

ዳቡቅ ድሮም ሰው አይበዛባትም። አሁን መኪናም የለም፣ የጎረቤት የውሃ ሞተርም የለም። ዕብነ በረዱ ቤት ማንኪያ ስታስቀምጥ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ድምፅ ይመልሳል።

በሁለተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሾርባ ስታማስል ዱም አለ። አጨበጨበችና ፎቅ ወደ መኝታ ክፍላቸው ወጣች። ባባ ዓብደላ ተኝተዋል። ግራ እጃቸው ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው። ተመልሳ የደረጃው ግርጌ ስትደርስ እንደገና ዱም አለ። ከሳሎኑ ነው። በሩን ከፈተች። ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ እንደለበሱ ናቸው። ከበሮዋ ሚስማሯ ላይ ናት። ሩቅያ በሩን ዘግታ ዘሊኻ ጋ ደወለችና የሰማችውን ነገረቻት። ዘሊኻ ወይብደህ ቤት ተከራይታ በሰዓት ሥራ የምትኖር የአገሯ ልጅ ናት።

"ጂኑ ዳቡቅ ድረስ በምን መጣ?" አለች ዘሊኻ። "አውቶቡስ እንኳ በሌለበት! ተስሪሕ አለው?"

"አትቀልጂ። ቀትር ላይ ነው።"

ዘሊኻ ቀልዱን ተወች። "መለስሽለት?"

"ባባ መስለውኝ አጨበጨብኩ።"

"ኧረ በአላህ፣ አንቺ ልጅ! እናትሽ ምን አስተማረችሽ?"

እናቷ ያስተማረቻትን አልረሳችም። ቀትር ላይ የማታዪው ሲጠራሽ አፍሽን ያዢ፤ ሦስተኛውን ጠብቂ። ጂን ሁለቴ ይጠራል፤ ሦስተኛው አይሆንለትም። ወንዝ ዳር፣ ማሳ ላይ፣ የሐርቡ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው ያደገው።

"በቃ ቁጠሪ" አለች ዘሊኻ። "ሦስት ካልሞላ አትንቀሳቀሺ።"

በማግስቱ ቀትር ላይ ሲጠራ ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ስትወጣ ባባ ዓብደላ ነቅተው ነበር፤ በቁጣ አዩዋት። "ይቅርታ፣ ባባ" አለች። እንዴት ብላ ታስረዳቸው? ሆኖም ቁጥሩ መሥራቱ አረጋጋት።

በአራተኛው ቀን አንሶላ አጥባ ጓሮ ወጣች። የሳሎኑን የጓሮ በር ክፍት ተወችው፤ የባባ ዓብደላ መስኮትም ከላይ ክፍት ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች፤ ከአጥሩ ጀምሮ እስከ ሸለቆው ድረስ የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይም። ሩቅያ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛለች።

ዱም።

አንድ፣ አለች በልቧ።

ረዘም ብሎ፣ ደከም ያለ ሁለተኛ መጣ።

ሁለት።

ጠበቀች። ሦስተኛ የለም። የመጀመሪያውን አንሶላ ዘረጋች፣ ጫፍና ጫፉን ቆነጠጠች። አሁንም የለም። እንግዲያው የእሳቸው አይደለም አለች፤ ደስም አላት። ሁለተኛውን አንሶላ አነሳች። እርጥብ ነው፣ ይከብዳል። ገመዱ ላይ ስትጥለው ፊቷን ሸፈናት። ነጩ ጨርቅ ውስጥ እንዳለች ሦስተኛው መጣ።

ከላይ አልመጣም። ከፊቷ፣ ከክፍቱ የሳሎን በር ነው የመጣው። ቁርጥ ያለ፣ ሙሉ፣ የቆዳ ድምፅ። አባቷ ድቤውን እሳት ዳር አሙቀው ሲመቱት የሚወጣው ዓይነት።

እጇ ሳታዝዘው አጨበጨበ። አንሶላው መሬት ወደቀ። በሳሎኑ በኩል ሮጠች። ስታልፍ ዓይኗ አየ፤ ወንበሮቹ አልተነኩም፣ የከበሮዋ ማንጠልጠያ ገመድ ግን ይወዛወዛል። አልቆመችም።

ባባ ዓብደላ ከትራሱ ተንሸራተው በአልጋውና በግድግዳው መካከል ተወትፈዋል። በደረታቸው ተኝተዋል፤ ፊታቸው ፍራሹ ውስጥ ተቀብሯል። አንገታቸው ጠቁሯል። በብብታቸው ገብታ ጎተተቻቸው። አልመጡም። እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ እንደገና ጎተተች። ሲገለበጡ አፋቸው ተከፈተና አየር ገባ፤ ድምፁ የዛገ በር ነው። ጀርባቸውን መታች። አሳላቸው። ከንፈራቸው ከሰማያዊ ወደ ግራጫ መጣ።

ደግፋ ካስቀመጠቻቸው በኋላ ነው ግራ እጃቸውን ያየችው። ከሥራቸው ታጥፎ ኖሮ የፍራሹ ስፌት ክንዳቸው ላይ ታትሟል። ሁለቱን መትተዋል። ሦስተኛውን ሊመቱ አይችሉም ነበር። ቀኝ እጃቸው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።

አሚር በስድስተኛው ቀን ሐኪም ይዞ ደረሰ። ሐኪሙ ሳንባቸውን አዳመጠና፣ ጥቂት ደቂቃ ብትዘገዪ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር አለ። አሚር አለቀሰ። ሩቅያ ስለ ቁጥሩ አልነገረችውም። አንድ አንሶላ ዘርግታ ሁለተኛውን ማንሳቷንም እንዲሁ።

"ቢያንስ ይቺ አጠገባቸው ትሁን" አለ አሚር፤ ከበሮዋን ከሚስማሩ ሊያወርድ እጁን ዘረጋ።

"ላ፣ ኡስታዝ። እዚያው ትሁን።"

"ሌሽ? ለምን?"

"ከሁለት ቦታ ብጠራ ይሻለኛል።"

ያልገባው ሰው አስተያየት አያትና ተዋት። ከሐኪሙ ጋር መድኃኒት ፍለጋ ወጡ። ቤቱ እንደገና ዝም አለ።

ማታውን ዘሊኻ ደወለች፤ ሩቅያ የሆነውን ሁሉ ስትነግራት "ሦስተኛውን ማን መታው?" አለች።

"አልጠየቅኩም።"

"እንዴት አትጠይቂም?"

"ተቀባይ አይጠይቅም።"

"ኧረ ያንቺስ! ነይ ውጪ ከዚያ ቤት።"

"በየት በኩል? ሐዝር ነው እኮ" አለች ሩቅያ፤ በዚህ ጊዜ የቀለደችውም የሳቀችውም እሷ ናት።

በማግስቱ ቀትር ላይ ባባ ዓብደላን በማንኪያ ሾርባ ታጠጣለች። ግራ እጃቸው ጉልበቷ ላይ ነው፤ ክብደቱ ይሰማታል። አሚር ጓሮ ሆኖ በስልክ ያወራል። ታች፣ ዱም አለ።

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ሩቅያ ሽማግሌውን አየች። እሳቸው በሩን ያያሉ። እሳቸውም ሰምተዋል።

"ኦዬ" አሏት ቀስ ብለው።

ሳህኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ሁለተኛውን አልጠበቀችም። አጨበጨበች።

ታች ያለው አልደገመም።