ከስሟ ሥር

ጋሽ ጴጥሮስ ቁልፉን ተጭኖ የኮምፒውተሩን ገጽ ሊያድስ ሲል ሌባ ጣቱን በሸሚዙ ኮሌታ ይጠርጋል። ሰው ሊያጎርስ የተዘጋጀ ይመስላል። በየቀኑ፣ በየሙከራው እንዲሁ ነው። የሸሚዞቹ ኮሌታ ሁሉ በአንድ ወገን የወየበው በዚህ እንደሆነ ሚስቱ ትናገራለች።

ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል። የአንድ ኩባንያ የኮምፒውተር መሐንዲስ ነው። ከሥራ መልስ ደግሞ ለወዳጁ ለዑመር ድረ ገጽ ይሠራ ነበር። ዑመር ከወሎ የሚመጡ የዑምራ ተጓዦችን መካ ላይ ተቀብሎ ያሳርፋል። ተጓዦቹ በገቡ ቁጥር፣ ጅዳ ውስጥ በየሰው ቤት የሚሠሩ ልጆቻቸው “እናቴ የት አረፈች?” እያሉ ፋታ ስለሚያሳጡት፣ ሁሉም ራሳቸው የሚያዩት ገጽ እንዲሠራለት ለመነው። ጴጥሮስ ክርስቲያን ነው። መካን ረግጦ አያውቅም፤ እንዲረግጥም አይፈቀድለትም። የየሕንፃውን ስም ግን በቃሉ ይወጣዋል። የተጓዦቹን ስም እየጻፍኩ የማስገባለት እኔ ነበርኩ።

ገጹ በተከፈተ ማግሥት፣ ዐርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ሳሊሃ የምትባል ልጅ የጋሽ ጴጥሮስን በር አንኳኳች። ከገጹ ግርጌ ባለው ስልክ ደውላ ቤቱን የነገራት ራሱ ነው። አሠሪዋ ማዳም እስከ ዒሻ፣ እስከ ማታው ሶላት ብቻ ፈቅዳላታለች። እናቷ ወይዘሮ ቶይባ መካ ናቸው፤ ቡድናቸው ጀምበር ስትጠልቅ ከሚሰገደው መግሪብ በኋላ ወደ መዲና ይነሣል፣ ከዚያም በዚያው ወደ አገር ቤት። ስልክ የላቸውም። ዑመርም ተጓዦቹን ይዞ ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ ውስጥ ስለነበር አያነሣም። እናትና ልጅ ከተለያዩ ስንት ረመዳን አልፏል፤ ዛሬ ካልተያዩ ደግሞ መቼ እንደሚሆን ማንም አያውቅም።

ስልኳን ዘረጋችልን። “ቶይባ ይመር አሊ” ይላል ገጹ። ከሥሩ ማረፊያቸው መጻፍ ነበረበት። ተጽፏልም፦ ሰባት ሕንፃ።

“ጋሼ፣ እናቴ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት” አለች። “ሰባት ቦታ እንዴት አድርጋ አደረች?”

የራሷን ስም ስትፈልግማ የባሰ ሆነ። “ቤተሰብ” ከሚለው ሥር የባቲው ነጋዴ፣ የወረባቦው ሽማግሌ፣ የሐይቋ ባልቴት፣ እንደ እሷ አያቱ መሐመድ የተባለ ሁሉ ተሰልፏል።

“ወላሂ ይሄን ሁሉ ዘመድ ይዤ ነው ብቻዬን የከረምኩት?”

ጴጥሮስ ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ደነገጠ። የገጹን አጥንት የወሰደው ለኩባንያው ከሠራው ሌላ ገጽ ነው። እዚያ በዐረቦቹ ልማድ የአንድ ቤት ሰው ሁሉ የሚጠራበት አንድ የቤተሰብ ስም ስላለ፣ ገጹ ዘመድንም ማረፊያንም የሚሰበስበው በመጨረሻው ስም ነበር። በእኛ አገር ግን የመጨረሻው ስም የአያት ነው። እናት በአባቷ ትጠራለች፣ ልጅም በአባቷ፤ አንድ ማዕድ ቆርሰው በስም ግን አይገናኙም። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን መርሳቱ ራሱን አስገረመው። “የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን ሳድስ ኖሬ ዐረብ ሆኜ ቀረሁ” አለ።

ተቀመጠ። ዳታቤዙ ውስጥ የጎደለ ነገር አልነበረም። ተጓዦች በአንድ ሠንጠረዥ፣ ክፍሎች በሌላ፣ ዘመዶች በሌላ ተቀምጠዋል፤ ዑመርም ክፍል ሲደለድል እያንዳንዱን ተጓዥ በመለያ ቁጥሩ ከክፍሉ ጋር አስሯል። የቀረው ገጹ የሚጻፍበት ቅጽ፣ ቴምፕሌቱ፣ ያንን ክር ተከትሎ እንዲሄድ ማድረግ ነው። የተጓዡን ስም ጻፍ፤ እዚያው ሳለህ ወደ ክፍሉ ሂድ፣ ሕንፃውን ጻፍ፤ ወደ ዘመዶቹ ሂድ፣ አንድ በአንድ ጥራቸው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ተጓዥ እለፍ። በዙር ውስጥ ሌላ ዙር ነው። ከጎኑ ቆሜ ሳየው ግጥም መሰለኝ፤ የውስጡ ካልሞላ የውጪው አይዘጋም።

ጣቱን ጠረገ፣ ተጫነ። መጀመሪያ የሞከረው በሌላ ስም ነበር። ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ ለብቻው አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እኛ መልሶ ቶይባ ይመር አሊን ከፈተ። ሰባቱ ሕንፃዎች ጠፍተዋል። በቦታቸው “ሩም ኦብጀክት” የሚል ብቻ ቀርቷል። ሳሊሃ ፊቷ ተለወጠ። ገጹ ክፍሉንስ አግኝቶታል፣ በምን ስም እንደሚጠራው ግን አልተነገረውም አላት።

“ይንገሩታ!” አለች፣ ዐባያዋን እንደለበሰች ቆማ።

አንድ መስመር ጨመረ። ጠረገ፣ ተጫነ።

ሚስፈላ ሰፈር፣ ከድልድዩ አጠገብ ያለው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ። ከዚያ አብረዋቸው ያረፉት ሴቶች ስም። ከዚያ በታች፦ ሳሊሃ አራጋው መሐመድ፣ ልጅ። እናቷ ሲመዘገቡ አስጽፈዋት ኖሯል።

ሳሊሃ ስክሪኑን በጣቷ ነካችው። “እኔ ነኝ” አለች፣ ቀስ ብላ።

ጴጥሮስ “ያላ፣ እንሂድ” ብሎ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። እኔም ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ ተከተልኳቸው። እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። በመንገድ ላይ ዑመር መልሶ ደወለ፤ ሌላ መኪና ልኮ እንዲቀበላት ተስማሙ። ከመካ መግቢያ ፍተሻ አጠገብ ያለው፣ ወረቀት የሌለው የሚታሰርበት ሹመይሲ ሲቃረብ ሳሊሃ ኢቃማዋን አውጥታ እጇ ላይ ያዘች፤ እዚያ ሲደርስ እንዲህ የማያደርግ የእኛ ሰው የለም። ከፍተሻው በፊት ካለው ነዳጅ ማደያ ቆምን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የእኔና የእሱ አይደለም። ሳሊሃ ሳትሰናበተን ከመኪና ወደ መኪና ዘለለች።

እንመለስ ብለው እንቢ አለኝ። ስልኩ ላይ ገጹን ከፍቶ፣ ምንም እንደማይለወጥ እያወቀ፣ ጣቱን እየጠረገ ያድሰው ጀመር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጮኸ። ሳሊሃ ናት፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። እናቷ ስልኩን ተቀበሏት።

“ማን ልበል፣ ልጄ?”

“ጴጥሮስ ነኝ፣ እማማ።”

“ጴጥሮስ” ብለው ስሙን ደገሙት።

“አላህ እናትህን ያሳይህ” አሉት።

አሚን አለ፤ ወደ መንገዱ እያየ።

ይህን ስጽፍ ሁሉንም እንዳወራ ፈቀደልኝ፣ ስሕተቱንም ጭምር። አንድ ነገር ብቻ ተዪው አለኝ፤ መጀመሪያ የሞከረበትን ስም። ለሙከራ የገባ ስም ሥራው ሲያልቅ ይሰረዛል። እሱ አልሰረዘውም። ደሴ ያሉት፣ ቅዳሴ የማያልፋቸው እናቱ እስከ ዛሬ በገጹ ላይ ከመካ ተጓዦች መካከል አሉ። ሙሉሸዋ ይላል። ሕንፃ የለም፣ ፎቅ የለም። ከሥራቸው፦ ጴጥሮስ፣ ልጅ።