ስለ ስብ ለጓደኛዬ የነገርኩት

ጭሮ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የሴልን ሽፋን ሳስተምር «ከስብ የተሠራ አጥር ነው፤ ሥራው ውስጡን ከውጭው መለየት ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ፈተና ላይም የሚመጣው ይኸው ነበር።

ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ለወራት ሆዱን ሲያመው «ጨጓራ ነው» እያለ ቆይቶ፣ በመጨረሻ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተባለ። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት አብሬው ነበርኩ። ወደ ውጭ አገር የተላከው ናሙና ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ ሁለታችንንም አስቀምጣ አስረዳችን።

«ሴል እንዲባዛ መልእክት የሚያስተላልፍ አንድ ፕሮቲን አለ» አለችው። «ጤነኛ ሲሆን ይበራል፣ ይጠፋል። የእርስዎ ተለውጦ በርቶ ቀርቷል።»

«የት ነው የሚቀመጠው?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

«ሽፋኑ ላይ፣ ከውስጥ በኩል። የስብ ጭራ አለው፤ ጭራውን ሽፋኑ ውስጥ ሰክቶ ነው የሚሠራው። ከዚያ ከተነቀለ መልእክቱን አያደርስም። የሽፋኑ ስቦችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። አንዳንዶቹ ፕሮቲኑን አንድ ቦታ ይሰበስቡታል፤ ሲሰበሰብ ይበረታል።»

ክው አልኩ። አጥር እያልኩ ሃያ ዓመት ያለፍኩት ነገር፣ ለካ በመልእክቱ መተላለፍ ውስጥ እጁ አለበት! ጓደኛዬ አጠገቤ ስለ ሞት ያስባል፣ እኔ ስለ ትምህርቴ።

እሱ የካንሰር መድኃኒቱን የመጀመሪያ ዙር ወስዶ ለማገገም መሰላ ከተማ አባቱ ቤት ገባ። እኔ ጭሮ ተመልሼ ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ ያነበብኩት አፌ ላይ ሞልቶ ነበር። ገና ሳልቀመጥ «ስቡ ነው እኮ!» አልኩት። «ያለ ስብ ያ ፕሮቲን የትም አይደርስም!»

አንገቱን አቀርቅሮ ሰማኝ። «ስቡ?» አለ።

«አዎ፣ ስቡ!»

ከዚያ ወዲያ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጬ ሳለ ባለቤቱ ደወለችልኝ። ሰላምታም አላስቀደመች።

«አንተ፣ ምንድነው የነገርከው? ዘይት የነካ አይበላም። ሥጋ አይቀምስም። ወንድሜ ከሚኤሶ ድረስ ያመጣለትን የግመል ወተት መለሰው። ደረቅ ቂጣ በውሃ ብቻ! ስጠይቀው 'መምህሩ ነግሮኛል' ይላል።»

ክፍሌን ለሌላ መምህር ሰጥቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሊቀበለኝ ግድግዳ ይዞ ተነሣ። ጉንጮቹ ገብተዋል። እጁን ለሰላምታ ሲያነሣ ሰዓቱ ተንሸራቶ ክርኑ ጋ ደረሰ። ያገኘሁት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ወላሂ፣ እየተሻለኝ ነው» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ ወደ ሆዱ እያመለከተ። «አሁን የሚራበው እኔ አይደለሁም፤ ካንሰሩ ነው።»

ለሐኪሟ ደውዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ከፍ አድርጌ የሆነውን ነገርኳት።

«ሴሉ እኮ ስቡን ራሱ ይሠራዋል» አለች። «ወተት ስለተዉ ፕሮቲኑ ከሽፋኑ አይነቀልም። የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። በዚህ አቅምዎ የሚቀጥለውን ዙር መድኃኒት ልሰጥዎት አልችልም፤ ይተላለፋል።»

ጓደኛዬ ዞሮ አየኝ። «አንተ እኮ ስቡ ነው ብለኸኛል።»

«ብያለሁ» አልኩት። «የቱ ስብ እንደሆነ ግን አልነገርኩህም። የምትበላውን ማለቴ አልነበረም። ገና ያልበሰለልኝን ነገር ነው ይዤልህ የመጣሁት። አጥፍቻለሁ፣ ወንድሜ።»

ጥግ ላይ የተቀመጡት አባቱ «ሃ ኛቱ» አሉ በኦሮምኛ፤ ይብላ ማለታቸው ነው። ባለቤቱ ወተት ቀድታ አመጣች። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ትንሽ እያለ ጠጣው። እንባዬን እንዳያዩብኝ ጫማዬን የማስር መሰልኩ።

መድኃኒቱ በአንድ ወር ዘገየ። ያ ወር ምን ያህል እንደጎዳው ሐኪሟን ጠይቄያት «እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርህ የለም» አለችኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

አሁን ክብደቱ ተመልሷል። ዙሮቹን ጨርሶ በሳምንት ሁለት ቀን ያስተምራል፤ የመጨረሻው ምርመራም አዲስ እድገት አላሳየም። «አልሐምዱሊላህ» ይላል እሱ። ይቅር ብሎኛል፤ እንዲያውም ተማሪዎች ፊት ይቀልድብኛል።

ባለቤቱ ግን ገና ናት። ቤታቸው ስሄድ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ እጄን ታስታጥበኛለች፤ ዓይኔን አታየኝም። ስለ ሕመሙ ማውራት ስንጀምር ሥራዋን ትታ መጥታ በሩ ላይ ትቆማለች፤ የምለውን እያንዳንዱን ቃል ታዳምጣለች።