ከመስኮቱ ኮምፒውተር የጠፉት ቃላት

ጋርኔት ፓስኮ ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ፣ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ስድስት ያረጁ ኮምፒውተሮቹን ሊጥል ነበር። "ቆይ፣ እኔ ልያቸው" ብሎ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነባቸውና ነፍስ ዘሩ። ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞው እየመጣ በነጻ ይንከባከባቸዋል። ታዲያ አንድ አመል ነበረው፤ ሥራ የፈታ ፕሮግራም ካየ እጁን ይበላዋል። አንዲት መስመር ትእዛዝ ጽፎ ከነሥሩ ይነቅለዋል።

በመስኮቱ በኩል ያለችው ኮምፒውተር የሬይኖ ላህቲ ናት ማለት ይቻላል። ሬይኖ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። እናታቸው ከፊንላንድ ይዘውት የመጡትን፣ ከተማው ባለበት በአሜሪካ፣ ሰሜን ሚሺጋን ውስጥ ከእንግሊዝኛ ጋር የተዳቀለውን ቋንቋ፣ ቃል በቃል ይመዘግባሉ። የመመዝገቢያውን ፕሮግራም ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጫነላቸው ራሱ ጋርኔት ነው።

"ቃሎቼ እዚህ ውስጥ አይጠፉብኝም?" አሉት ያን ጊዜ።

"ምን በወጣቸው፣ ጋሽ ሬይኖ!"

"እናንተ ኮርኒሾች ከመሬት ማውጣት እንጂ ማስቀመጥ መች ታውቁበታላችሁ!" ብለው ሳቁበት። የጋርኔት አያቶች ከእንግሊዝ አገር፣ ከኮርንዎል የመጡ የመዳብ ቆፋሪዎች ነበሩ።

ከዓመታት በኋላ፣ በበረዶው ወራት፣ ሬይኖ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። አራት ወር ቀሩ። በሚያዝያ ጋርኔት ኮምፒውተሮቹን ወደ አዲሱ የሊኑክስ እትም ሊያሻግር ቢቀመጥ፣ አንድ ያረጀ ፕሮግራም መንገድ ዘጋበት። የማን እንደሆነ ትዝም አላለው። ፕሮግራም የሚነቀለው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ፕሮግራሙን አንስቶ የተመዘገበበትን ይተዋል፣ ሌላው ሁሉንም ጠራርጎ ይወስዳል። ጋርኔት እንደ አመሉ ሁለተኛውን ጻፈ። ማሽኑ፣ የተመዘገበውም አብሮ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀው። ጋርኔት በአንድ እጁ ሥጋና ድንች የተሞላበት ቂጣ ይዞ እየገመጠ፣ ሳያነብ "አዎ" አለ።

በግንቦት ሬይኖ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ። ከመስኮቱ ሥር ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣

"ጋርኔት፣ ቃሎቼን የት ደበቅሃቸው?" አሉ።

ጋርኔት ደንግጦ ፕሮግራሙን መልሶ ጫነው፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ተከፈተ፤ ባዶ ነበር። ቅጂ የሚያስቀምጥበትን ዲስክ አገላበጠ። የሬይኖን መዝገብ ከሚቀዱት ውስጥ አስገብቶት አያውቅም ነበር።

"የኮምፒውተሯ ዲስክ ተቃጥሎ ነው፣ ጋሽ ሬይኖ" አለ። ከአፉ ካመለጠ በኋላ መመለሻ አጣ።

ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "አይዞህ፣ ብረትም እንደ ሰው ያረጃል። አንተ ምን ታደርግ።" ቢሰድቡት በቀለለው።

እንደገና ጀመሩ። ሬይኖ እየነገሩት እሱ ይጽፋል። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር "ዛሬስ እነግራቸዋለሁ" ይላል፤ ማክሰኞ ባለፈ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ይከብደዋል። ከሦስት ሺህ በላይ ከነበሩት ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን እንዳስታወሱ፣ ሬይኖ በጥቅምት አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ጋርኔት ለልጃቸው ለአይላ ነገራት። "ዲስኩ አልተቃጠለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

አይላ ጓንቷን ጎትታ አጠለቀች። "ለአባዬ ብትነግረው ኖሮ ለአንድ ሳምንት ይስቅብህ ነበር፤ በቃ፣ ያው ነው። አሁን እኔ ምን ልበልህ? በእሱ ፈንታ ይቅር ማለት አልችልም።"

ጋርኔት የተረፉትን ቃላት አትሞ ሰጣት፤ አንድ ቅጂም ለራሱ አስቀረ። በመጋቢት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሳለ፣ ከጣራው ላይ በረዶ ተንሸራቶ ዱብ አለ። ለዚህ ድምፅ የሬይኖ እናት ቃል ነበራቸው። አንድ ቀን ሬይኖ በር ላይ ቆመው ነግረውት ተሳስቀውበታል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ፤ የለም። ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ሊያስታውስ ሞከረ፤ በ"ሩ" ይሁን በ"ሮ" ይጀምር እንደሆነ እንኳ ጠፋበት።