ከሚኒባሷ ስር የሚደፋው አመድ

ማርያማዊት መኪናዋ መታመሟን ያወቀችው ከጀሪካኑ ነው። ባሏ ተክለሃይማኖት የሚነዳት ሚኒባስ የምታድረው ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ በተከራዩት ግቢ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለራዲያተሩ ውሃ ማቀበል ደግሞ የሷ ሥራ ነው። ድሮ አንድ ሃይላንድ ውሃ ሳምንት ያደርስ ነበር። ከጥምቀት ወዲህ በቀን አንድ ሆነ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ አሁን ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን ተገልብጦም አይበቃም። በነሱ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ እያንዳንዷን ጆግ ታውቃታለች።

«ተክሌ፣ ይቺ መኪና ከኛ በላይ ትጠጣለች።»

«ውሃ እኮ ነው፤ አረቄ አልጠየቀችሽም» አለና ሳቀ። ሳቁ አልቆየም። ሞተሩ ሲነሳ ከፊት በኩል የሚመጣውን የሲጥሲጥታ ድምፅ እሱም ከሰማው ሰንብቷል።

ከዚህች ሚኒባስ ሌላ እንጀራ የላቸውም። ስታገባው ረዳት ነበር። መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሹፌር እስኪሆን ዘጠኝ ዓመት የሰው ልብስ አጥባለች።

የዚያን ዕለት አብረው መካኒኩ አነስ ዘንድ ሄዱ። አነስ ሞተሩን አጠፋና ቺንጊያው የሚዞርበትን ክብ ብረት ይዞ ነቀነቀው። ተወዛወዘ።

«አየህ? እንዲህ ማለት አልነበረበትም። የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ተበልቷል፤ የሚጮኸው እሱ ነው። ውሃው የሚያለቅሰው በዚህች ቀዳዳ ነው። ፓምፑ ቀጥ ያለ ቀን ሞተሩ ይቀቀላል። ዛሬ ተዋትና ሂድ፣ በግማሽ ቀን አደርስልሃለሁ።»

«ለጋሽ መዝገቡ ምን እላለሁ?» አለ ተክለሃይማኖት።

ጋሽ መዝገቡ የመኪናዋ ባለንብረት ናቸው። ከተክለሃይማኖት በፊት የነበረውን ሹፌር ያሰናበቱት ዕቃ ያበዛል ብለው ነው። ዕቃ የሚያበዛ ሹፌር በሳቸው ዘንድ ሌባ ነው። ተክለሃይማኖት ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ የፍሬን ሸራ ጠይቋል፣ ፍሪሲዮን ጠይቋል።

«ፋሲካ ይለፍና እነግራቸዋለሁ» አለ።

ጋሽ መዝገቡ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ መኪናቸውን ለማየት ይመጣሉ። ጎማውን በእግራቸው መታ መታ ያደርጉና ጎንበስ ብለው ስሯን ያያሉ። ስለዚህ ማርያማዊት እሁድ ሲነጋ ከምድጃዋ አመድ ትዝቅና ከመኪናዋ ስር ውሃው ያራሰው መሬት ላይ ትደፋለች። ማንም አላዘዛትም።

«ይሄ አመድ ምንድን ነው?» አሉ አንድ እሁድ።

«ለጭቃው ነው ጋሼ፣ እንዳያንሸራትትዎ።»

«አንቺ ባትኖሪ ይሄን ሰውዬ ምን ይውጠው ነበር» ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። ፊቷ ግን እንደጋለ ዋለ።

በሕማማት ሳምንት ውሃ ጭራሽ ጠፋ። ስምንት ቀን። የተረፈውን ለወጥና ለልጇ ለሄቨን ዩኒፎርም ከፋፈለችና ለመኪናዋ ግማሽ ጀሪካን ሰጠች።

«ሞተሩ ከጋለብህ ቁም፣ እሺ?»

«እሺ» አላት።

ወደ ሳንሱሲ በሚወስደው ሽቅብ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ሲነካ አልቆመም። መኪናው ሙሉ ነበር፣ ፌርማታውም ፊት ለፊት ይታየዋል። ሳይደርስበት እንፋሎት መስታወቱን ሸፈነው፤ ሞተሩም ቀጥ አለ።

አነስ ሲፈታው የሞተሩ ራስ በሙቀት ተጣሟል፤ ከስሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል። የግማሽ ቀኑ ሥራ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻው ቀን ማርያማዊት ምሳ ይዛ ስትደርስ ጋሽ መዝገቡ አሮጌውን ፓምፕ በእጃቸው እያገላበጡ ነበር።

«ይሄ በአንድ ቀን እንዲህ አይሆንም» አሉ። ያዩት ግን ተክለሃይማኖትን አልነበረም። «እሱ ይዋሸኛል። አንቺ ንገሪኝ።»

ምሳውን መሬት አስቀመጠች።

«ሁለት ወር አልፎታል ጋሼ። አመዱም ለጭቃ አልነበረም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ፓምፕ እኮ ነው። ብትነግሩኝ አልገዛም ነበር?»

ይገዙ ነበር ይሆናል። ላይገዙም ይችሉ ነበር። አሁን እንዲህ ማለት ቀላል ነው።

«ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ይነዳታል» አሉ፣ ቀስ ብለው።

አዲሱ ፓምፕ ገና አልገባም፤ አነስም የሚያግዘው ሰው ፈልጓል። ተክለሃይማኖት ሳይጠሩት ሄዶ ጎንበስ አለ። የፓምፑን አሮጌ ጓርኒሲዮን ፍቀው አነሱ፣ አዲሱን ገጠሙ፣ ብሎኖቹን አንዱን ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቁ። ቺንጊያው ሲገባ ተክለሃይማኖት በአውራ ጣቱ ተጭኖ መወጠሩን ሞከረው፤ ነገ እሱ የሚነዳት ይመስል ነበር። የራዲያተሩን ክዳን እንደከፈቱ ሞተሩን አስነሱና አረፋው እስኪያልቅ ውሃ ጨመሩ። ድምፅ የለም፣ ጠብታም የለም።

«አሁንማ ዓመታት ትሄዳለች» አለ አነስ፣ ማንንም ሳያይ።

ጋሽ መዝገቡ እጃቸውን ዘረጉ። የመኪናውና የቤታቸው ቁልፍ በአንድ ቀለበት ነበር፤ የተክለሃይማኖት ጣት ግራሶ ስለነካው ቀለበቱ አልከፈት አለው። ማርያማዊት ተቀብላ በጥፍሯ ከፈተችው። የቤቱን ለባሏ ሰጠችና የመኪናውን በሁለት እጇ ለጋሽ መዝገቡ አቀረበች።